ትሩዲ ሳታየው የሰረዘችው ውጤት

ትሩዲ ሁክሴማ ሃያ አራት ዓመት ሙሉ የሰው ክስ ስትጽፍ ኖራለች። ማስኪገን በምትባል የሐይቅ ዳር ከተማ ውስጥ፣ ከሐይቁ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ሁለት ጠበቆች የሚሠሩበት ቢሮ አለ፤ ውላ የምትገባው እዚያ ነው። ክሱን የምታረቅቀው እሷ፣ ቀነ ገደቡን የምትጠብቀው እሷ፣ የሚያለቅሰውን ባለጉዳይ የምታባብለው እሷ፤ ከታች የሚፈርሙት ግን እነሱ። አንዳንዴማ ሳያነቡት ነው የሚፈርሙት። እሷም አንድ ቀን እንኳ "እስቲ መጀመሪያ አንብቡት" ብላ አታውቅም። እኔ ብሆን ወረቀቱን ጠረጴዛቸው ላይ ወርውሬላቸው እወጣ ነበር። ምን ያደርጋል፣ እኔ ትሩዲ አይደለሁም።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ኮሌጅ ገብታ ነበር። ሁለተኛውን ዓመት ሳትጨርስ እናቷ በጠና ታመሙ። አባቷ ጌሪት የብረት ማቅለጫው ፎርማን ነበሩና፣ "እኔ ሥራውን ከተውኩት ቤቱ ይዘጋል፤ አንቺ ለአንድ ክረምት ብቻ ነይልኝ" አሏት። መጣች። እናቷ የተኙት ግን ስድስት ዓመት ሆነ። ከዚያ በኋላ ማን ወደ ኋላ ይመለሳል? ያቋረጠችውን ኮሌጅ ከሥራ መልስ አንድ አንድ ትምህርት እየወሰደች፣ እንደ ጥርስ ሕመም ዓመታት ታግሳ ጨረሰችው። አገባች፣ ፈታች፣ ልጅ አልወለደችም፤ ሻንጣዋን ይዛ ተመልሳ አባቷ ቤት ገባች።

ጌሪት ያቺን "አንድ ክረምት" አልረሷትም። ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ የማቅለጫው አቧራ ሳምባቸውን በልቶት አፍንጫቸው ላይ የኦክስጅን ቱቦ አድርገው ነው የሚውሉት። ሐኪሙ "የሚቀጥለውን ገና ማሰብ ይከብዳል" ካላቸው ወዲህ የሚያወሩት አንድ ነገር ብቻ ሆነ።

"እኔ ነኝ ያስቀረሁሽ" ይላሉ እራት ላይ።

"ተው አባዬ፣ አተሩ ይቀዘቅዛል።"

"ጠበቃ ትሆኚ ነበር። አፍሽ ባይኖርም ጭንቅላቱ ነበረሽ።"

"አፍ ያለው ሰው ቤቱ ሞልቷል" ትላለች፣ እሳቸውን ለማሳቅ። ይስቁና ሳላቸው ይነሳል።

አርባ ስምንት ዓመት ሲሞላት ለሕግ ትምህርት ቤት መግቢያው ፈተና ተመዘገበች። ትንሹ ውጤት መቶ ሃያ፣ ትልቁ መቶ ሰማንያ ነው። መጀመሪያ መቶ አርባ ስምንት አመጣች፤ በድጋሚ ስትቀመጥ መቶ አርባ ዘጠኝ። ግራንድ ራፒድስ ያለው የማታው የሕግ ትምህርት ቤት ማመልከቻዋን ወደደላት፣ የሥራ ልምዷን ወደደላት፣ ግን "መቶ ሃምሳ አምስት ካላመጣሽ አንችልም፤ ወንበሩን እስከ ሰኔ መጨረሻ እናቆይልሻለን" አሏት። ንባቡ ላይ መካከለኛ ናት፣ ክርክሩ ላይ መካከለኛ ናት። የሚጥላት ተፈታኞቹ ሁሉ በአጭሩ "ጨዋታ" የሚሉት ክፍል ነበር።

ጨዋታ ያሉት እንዲህ ያለ ነገር ነው። ስምንት ሰዎች በአንድ ቀን ተራ በተራ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ይገባሉ። ሐኪሟ ከአናጺው በፊት ትገባለች። ዳቦ ጋጋሪው ሦስተኛ ወይ ስድስተኛ ነው። መምህሩና አናጺው አይከታተሉም። እንግዲህ ሐኪሟ አምስተኛ ከገባች፣ የግድ መጨረሻ የሚሆነው ማነው? እንዲህ ያለ አራት ጨዋታ፣ ከየሥሩ አምስት ስድስት ጥያቄ፣ ሁሉም በሠላሳ አምስት ደቂቃ። ሰው ዳቦ ጋጋሪ ሲያሰልፍ ጨጓራው ይላጣል።

አንድ የመጋቢት ቀን ከሥራ መጥታ ኮቷን ሳታወልቅ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ስትሞክር፣ ሲያቅታት፣ እንባዋ ወረቀቱ ላይ ወረደ። ጌሪት ቱቦአቸውን እየጎተቱ መጡ።

"ምንድን ነው እሱ?"

"ጨዋታ ነው አባዬ።"

"ጨዋታ ያስለቅሳል እንዴ? አምጪው እስቲ።"

መነጽራቸውን አደረጉ። ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ አነበቡ። ከዚያ ከታመሙ ወዲህ ትሩዲ ሰምታው የማታውቀውን ሳቅ ሳቁ።

"ይሄማ የእኔ ሥራ ነው!"

እውነታቸውን ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የፈረቃውን ስም ዝርዝር ያወጡት እሳቸው ናቸው። ሁለቱ የዴከር ወንድማማቾች ጎን ለጎን ከቆሙ ይደባደባሉ። ሰኞ ጠዋት ጠጥቶ የሚመጣው ሰውዬ እሳቱ አጠገብ አይቆምም። ለማጅ የሚቆመው ከነባር ሠራተኛ ቀጥሎ ነው። ይሄን ሁሉ በጭንቅላታቸው ይዘው ነው በየሳምንቱ ሰው ሲደረድሩ የኖሩት።

የመድኃኒት ጠርሙሶቻቸውን ከመደርደሪያው አወረዱና ጠረጴዛው ላይ አቆሟቸው። የልብ መድኃኒቱ ሐኪሟ ሆነች፤ የደም ማቅጠኛው አናጺው።

"ማንን ነው መጀመሪያ የምታስቀምጪው?"

"አንደኛ የሚገባውን።"

"ተሳሳትሽ። መጀመሪያ የምታስቀምጪው ጣጣ የበዛበትን ሰው ነው። ብዙ ሕግ ያለበት እሱ ነው፤ ቦታው ጠባብ ነው። ጣጣ የሌለበትማ በተረፈው ቦታ ይገባል፣ ምንም አይልም። እንደ አንቺ።"

ይቺ የመጨረሻዋ ቃል ትሩዲን አንጀቷ ድረስ ነካቻት፤ ግን ጠርሙሶቹ እውነትም በአንድ ጊዜ ቦታ ቦታቸውን ይዘው ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እራት በልተው ሳህኑ ከመነሳቱ ጠርሙሶቹ ይወርዳሉ። ጌሪት ኦክስጅናቸው እያፏጨ "ደከመኝ" አይሉም፤ ያቺን ሰዓት ሲጠብቁ ነው የሚውሉት። እሷ ስትፈጥን እሳቸው ወደ ኋላ ቀሩ፤ ሲበልጧት የነበሩት ሲበለጡ ደስታቸው ወሰን አጣ። ግንቦት ሲገባ አራቱንም ጨዋታ በሠላሳ አንድ ደቂቃ ያለ አንድ ስህተት ትጨርስ ጀመር። የሚጥላት ክፍል የሚያነሳት ሆነ። በመሃል ግን ወሬ መጣ፤ ጨዋታው ከፈተናው ሊወጣ ነው፣ ከነሐሴ ጀምሮ አይኖርም፣ የመጨረሻው ሰኔ ነው አሉ።

"ታዲያ ሰኔ ነዋ!" አሉ ጌሪት።

ትሩዲ አንድ የጥናት ጓደኛ ነበረቻት። ሻንትሬል ትባላለች፣ የሃያ ሰባት ዓመት ልጅ፣ የጌሪትን መድኃኒት የምትሰጠው የፋርማሲዋ ሠራተኛ። የተዋወቁት በመስኮቱ በኩል ነው፤ ሻንትሬል ትሩዲ ብብት ውስጥ ያለውን መጽሐፍ አይታ "አንቺም አበድሽ?" አለቻት፤ በቃ ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ መጻሕፍት አብረው ይቀመጡ ጀመር። ሻንትሬል አፏ አያርፍም። ትሩዲን ለሃያ አራት ዓመት ያላሳቃትን ሳቅ በአንድ ዓመት አሳቀቻት።

በሰኔው ፈተና በትሩዲ መኪና ግራንድ ራፒድስ አብረው ሄዱ። አንድ ቀን፣ አንድ ሰዓት፣ አንድ አዳራሽ።

ይሄ ፈተና አንድ ተንኮል አለው። የሚፈተኑት አራት ክፍል ነው፤ የሚቆጠረው ግን ለሁሉም አንድ የሆነው ሦስቱ ብቻ ነው። አንዱን አዘጋጆቹ ለወደፊቱ ጥያቄ ይሞክሩበታል፤ የትኛው እንደሆነ ለተፈታኙ አይነገርም። ለአንዱ ንባብ ይደገምበታል፣ ለአንዱ ክርክር፣ ለአንዱ ጨዋታ። ጨዋታ ሁለቴ የደረሰው ሰው አንዱ ከንቱ እንደሆነ ያውቃል፤ የቱ እንደሆነ ግን አንድ ጨዋታ ብቻ የደረሰውን ሰው ካልጠየቀ አያውቅም። ስለዚህ ከአዳራሽ ሲወጡ መጀመሪያ የሚጠያየቁት ይሄንኑ ነው። መጠያየቁ ክልክል ነው፤ ፈተናው ሳይጀመር ስለ ጥያቄዎቹ ለማንም ላለመናገር ይፈርማሉ። ፈርመው ደግሞ ሁሉም ያወራል። አንድም ሰው ያንን ፊርማ ከቁም ነገር ቆጥሮት አያውቅም፣ ከትሩዲ ሁክሴማ በቀር።

መጀመሪያ የደረሳት ጨዋታ ነበር። ጀልባዎች ተራ በተራ ወደብ የሚገቡበት። ጀልባዎቹን እንደ ጠርሙስ አቆመቻቸው፣ ሁለት ደቂቃ ተርፏት ጨረሰች። ከዚያ ክርክሩን ሠራች፣ ንባቡን ሠራች፣ ደህና ሄደላት። በአራተኛው ክፍል ስክሪኑ ላይ እንደገና ጨዋታ መጣ። የሙዚቀኞች ነበር፤ ማን ከማን በፊት እንደሚጫወት። ሦስተኛው ላይ አንዱን ሕግ ገልብጣ ጻፈችው፤ ዋሽንቱ ከከበሮው በፊት መሆን ሲገባው ከኋላ አደረገችው። ምንም አልገጥም አላት። ትታው ማለፍ ነበረባት፤ አልተወችውም። ስህተቷን ስታገኘው ሦስት ደቂቃ ቀርቷት ነበር። አራተኛውን ጨዋታ ሳታነበው እጇ እንዳመጣላት መልስ ነካክታ ወጣች።

መኪና ውስጥ ገና ቀበቶ ሳያስሩ ሻንትሬል ጀመረች።

"ትሩዲ፣ ስንት ጨዋታ ደረሰሽ?"

"ሻንትሬል።"

"ቁጥሩን ብቻ! ጥያቄውን መች ጠየቅኩሽ?"

"ፈርመናል።"

"ኧረ ባክሽ! መኪና ውስጥ ነን እኮ፣ ማን ይሰማናል?"

"እኔ እሰማለሁ።"

"የአንቺ ነገር! ገና ጠበቃ ሳትሆኚ ዳኛ ሆንሽ። እሺ እኔ ልንገርሽ፣ እኔ የደረሰኝ..."

"አንድ ቃል ብትጨምሪ እወርዳለሁ።"

"መኪናው ያንቺ ነው፣ ወዴት ነው የምትወርጂው?"

ሁለቱም ሳቁ። ትሩዲ ሬዲዮኑን ከፍ አደረገችው፣ ማስኪገን እስኪደርሱ ዝቅ አላደረገችውም። እንዴት ያናድዳል! አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር የቀራት። ግን በዚህ አልፈርድባትም፤ ሃያ አራት ዓመት የሌላ ሰው ፊርማ ስትጠብቅ ኖራ የራሷ ስም ያረፈበት ወረቀት ሲገኝ ልታፈርሰው አልቻለችም።

የምፈርድባት በሚቀጥለው ነው። ተፈታኝ ውጤቱን ከማየቱ በፊት፣ በስድስት ቀን ውስጥ፣ ማሰረዝ ይችላል። ከተሰረዘ ቁጥሩን ትምህርት ቤቱም አያየው፣ ራሱም አያየው፤ መዝገቡ ላይ "ተሰርዟል" የሚል ብቻ ይቀራል። ትሩዲ ስድስቱንም ቀን ስታሰላስል ከረመች። ሁለት ዝቅተኛ ውጤት አለብኝ፤ ሦስተኛ ከተጨመረ ማንም ዘወር ብሎ አያየኝም። ቁጥር የሌለው መዝገብ ግን አፍ የለውም። ለአባዬ አሞኝ ነበር እለዋለሁ፤ የሚቀጥለው ዓመት ያለ ጨዋታው እሞክራለሁ። ዝቅተኛ ቁጥር ካየ ያስተማርኩሽ አልጠቀመም ብሎ ይሞታል። ይሄን ሁሉ አሰበች። የተበላሸው ያልተቆጠረው ሊሆን እንደሚችል አላሰበችም አይባልም፤ አስባዋለች፣ ግን አላመነችውም። ከሁለት ነገር ክፉው የእሷ ነው፤ በትሩዲ ሕይወት ሁሌም እንደዚያ ነበር፣ እሷም ለምዳዋለች።

በስድስተኛው ቀን በምሳ ሰዓት፣ ግማሹ ሳንድዊች ጠረጴዛዋ ላይ እንደተቀመጠ፣ ገጹን ከፈተች። "እርግጠኛ ነሽ?" ብሎ ሁለት ጊዜ ጠየቃት። ሁለቴም አዎ አለች።

በማግስቱ የአባቷን መድኃኒት ልትወስድ ፋርማሲ ሄደች። ከኋላዋ ሰው ተሰልፏል። ሻንትሬል ጠርሙሶቹን ከረጢት ውስጥ እየከተተች ፊቷን አየችው።

"ምን ሆነሻል? አባትሽ ደህና ናቸው?"

"ደህና ነው። ሰረዝኩት።"

"ምኑን?"

"ውጤቱን። ትናንት።"

"አንቺ! አበድሽ? ለምን?"

ትሩዲ ጎንበስ አለች። ስድስት ቀን የታፈነው ነገር ከአፏ አመለጠ። "ሙዚቀኞቹን አበላሸኋቸው።"

"የምን ሙዚቀኞች?" አለች ሻንትሬል።

ትሩዲ ወደ ኋላዋ፣ ወደ ሰልፉ ዞር ብላ አየች።

"የምን ሙዚቀኞች ነው የምትዪው? እኔ የደረሰኝ ጀልባ ነው። አንድ ጨዋታ ብቻ ነው የደረሰኝ፣ እሱም የጀልባው ነው። እኔ የተደገመብኝ ንባቡ..." ሻንትሬል አቋረጠች። ነገሩ ገባት፤ የሚቆጠረው የጀልባው ነው። እጇን አፏ ላይ አደረገች። "ትሩዲ፣ የጀልባው እንዴት ነበር?"

"ሁሉንም ሠራሁት" አለች ትሩዲ።

ከኋላ የቆመው ሰውዬ ጉሮሮውን ጠረገ። ሻንትሬል "አንዴ ይታገሡን!" ብላ ጮኸችበት፤ ከዚያ መስኮቱ ላይ ተደፍታ ታለቅስ ጀመር። ትሩዲ ናት ያባበለቻት። እጇን በመስኮቱ አስገብታ ትከሻዋን መታ መታ አደረገቻትና ከረጢቱን ይዛ ወጣች።

ለፈተናው አዘጋጆች ደብዳቤ ጻፈች። ለሰው ስትጽፍ እንደኖረችው አሳምራ፣ ምክንያቱን በተራ በተራ ዘርዝራ። መልሱ በሁለት ቀን መጣ፤ ሁለት መስመር ነበር። አንዴ የተሰረዘ አይመለስም፣ ስለተረዱን እናመሰግናለን። ማስኪገን ውስጥ ካለ ጠበቃ ሁሉ የሚሻል ደብዳቤ ነበር የጻፈችው፤ ምን ዋጋ አለው።

ውጤት በሚወጣበት ረቡዕ ጌሪት ተላጭተው ጠበቋት። ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈዋል። ትሩዲ "አሞኝ ነበር" የሚለውን ቃል ለሁለት ሳምንት ስትለማመደው ከርማለች። ከበሩ ስትገባ ሁለት እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው፣ ፍርድ እንደሚጠብቅ ሰው ቀና ብለው አዩዋት።

"እሺ?"

"አባዬ..."

"ግዴለም ንገሪኝ። ክፉም ቢሆን ንገሪኝ። ያኔ ባልጠራሽ ኖሮ..."

"መቶ ስልሳ አንድ" አለች ትሩዲ።

እንዴት ከአፏ እንደወጣ አታውቅም። ፊርማ አላፈርስም ብላ ሬዲዮን ጆሮዋ ላይ ያስጮኸችው ሴት፣ ዓይን ዓይናቸውን እያየች።

ጌሪት ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፍነው ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ቱቦው ከአፍንጫቸው ወለቀ፤ መልሳ አደረገችላቸው። ትንፋሻቸው ሲመለስ ስልክ አምጪልኝ አሉ። በሕይወት ላሉት የማቅለጫው ሰዎች አንድ በአንድ ደወሉ፤ ከዴከር ወንድማማቾች ለተረፈው ለአንደኛው ሁለት ጊዜ ደወሉለት። "ጠበቃ ልትሆን ነው!" ይላሉ፣ ይስላሉ፣ እንደገና "ጠበቃ!" ይላሉ። ያን ቀን አተሩን ሁለት ሳህን በሉ። ከዚያ ወዲያ "እኔ ነኝ ያስቀረሁሽ" ሲሉ አልተሰሙም።

የትምህርት ቤቱ ወንበር በሰኔ መጨረሻ ለሌላ ሰው ተሰጠ። ጌሪት በሐምሌ ሃያ አምስተኛው ቀን ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ አረፉ።

ቀብሩ ላይ ፓስተሩ ስለ ማቅለጫው ተናገረ፣ ስለ እናቷ ተናገረ፣ ከዚያ "ጌሪት ትልቁን ደስታቸውን አይተው ነው የሄዱት፤ ልጃቸው ሕግ ልትማር ነው" አለ። ሰው ሁሉ ዞር ብሎ ትሩዲን አየ። ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ውስጥ የካም ሳንድዊችና ጣፋጭ ቀርቦ ነበር፤ ሐዘንተኛው ሳህኑን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው እየጨበጣት "ነፍስ ይማር፣ እንኳን ደስ አለሽ" ይላታል። ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ። እሷም "አመሰግናለሁ፣ አመሰግናለሁ" ትላለች። የቀረው ዴከር በከዘራው ተደግፎ መጣና "መቶ ስልሳ አንድ አሉኝ፤ ብዙ ነው እንዴ?" ብሎ ጠየቃት።

"ደህና ነው" አለችው።

ሰው ሲቀል ሴቶቹ ሳህን ሊያጥቡ ገቡ። ሻንትሬልም መጥታ ነበር፤ እሷ መቶ ሃምሳ ስምንት አምጥታ፣ እዚያው ትምህርት ቤት በነሐሴ መጨረሻ ልትጀምር ነው። ፎጣ ይዛ ትሩዲ አጠገብ ቆመች። ሦስት አራት ሳህን አደረቀች።

"አትናገሪኝ" አለች ትሩዲ።

"አልናገርሽም። አንድ ነገር ብቻ፤ ለምን መቶ ስልሳ አንድ? ለምን መቶ ሰባ አላልሽውም?"

"ከራሴ አላወጣሁትም። የመለስኩትን ሁሉ አስታውሳለሁ፤ ጀልባውን፣ ክርክሩን፣ ንባቡን። ደማመርኩት። መቶ ስልሳ አንድ ነው የሚመጣልኝ።"

"ታዲያ አልዋሸሻቸውማ!"

"አላውቅም። መዋሸቴንም አለመዋሸቴንም አላውቅም።"

"የሚያውቅ ሰው አይጠፋም፣ አንድ ቦታ..."

"ማንም አያውቅም፣ ሻንትሬል። የሚያውቁት እነሱ ነበሩ፤ አጥፉልኝ አልኳቸው፣ አጠፉልኝ።"

ትሩዲ ቀጣዩን ሳህን ውኃው ውስጥ ከተተች፤ ከኋላቸው አንዲት ሴት ከበሩ ብቅ ብላ፣ ገና አሁን መስማቷ መሆኑን ተናግራ፣ እንኳን ደስ አለሽ አለቻት።